የገመዱ መሃል

የሚያሳፍረኝን አስቀድሜ ልንገራችሁና ይውጣልኝ፦ የሰው ደብዳቤ አነበብኩ። በስህተት ተከፍቶ ያገኘሁት ኤንቨሎፕ እንዳይመስላችሁ። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ «ለየኔነህ በእጁ ይሰጥ» ተብሎ አደራ የተሰጠኝን ጥቅል ነው፤ ቋጠሮው አልፈታ ሲለኝ በጥርሴ ይዤ ፈታሁት። አውቶቡሱ ባሕር ዳርን ሲያልፍ ጀመርኩ፣ ደጀን ሳንደርስ ጨረስኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ «ከቤተሰብ ነው?» ሲሉኝ «አዎ» ብያቸዋለሁ። ውሸቱም ይቆጠርብኝ።

እህቴ ነፃነት ወረታ ታስተምራለች። የዘንድሮን ፋሲካ እሷ ዘንድ ነበርኩ። በገበያ ቀን ሩዝ የሚያመጡላት ደንበኛ አሏት፤ እትዬ አማከለች ይባላሉ፣ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ናቸው። አዲስ አበባ እንደምመለስ ሲሰሙ ጥቅሉን ከመቀነታቸው ፈትተው፣ «የእሱም የእኔም ቃል ነው። ከሰኔ ሚካኤል በፊት ያንብበው» አሉኝ። የራሳቸው ደብዳቤ እንዴት እጃቸው ላይ ቀረ ብትሉ፣ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጸሐፊ አያምኑም። መጀመሪያ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ፣ ከዚያ በንጹሕ ወረቀት ገልብጠው ይልካሉ። ረቂቁ ሁሉ አለ።

የኔነህ የአጎታቸው የልጅ ልጅ ነው። አገሩ አንበሳሜ ሲሆን ልጅ ሳለ አራት ዓመት እሳቸው ቤት እየኖረ፣ በእግሩ ወረታ እየተመላለሰ ተምሯል። በኋላ ሕንድ አገር ሄደ። ዴልሂ ላይ ያጠናው፣ አገር አገርን አስፈራርቶ ጦርነትን እንዴት እንደሚገታ ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት መኖሩን የሰማሁት ከነዚህ ደብዳቤዎች ነው። ሦስተኛው ሰው የእትዬ አማከለች ባል ማረው ነው፤ የቀድሞው ጦር አሥር አለቃ የነበረ፣ በ1983 ጦሩ ሲበተን በእግሩ ቤቱ የገባ።

ኋላ ለሁለቱም ደብዳቤ ጸሐፊዎች ተናዘዝኩ። እትዬ አማከለች በእህቴ በኩል «አሳትሚው፣ ስሜንም እንዳትለውጪ» ብለው ላኩብኝ። ሰላምታውን ብቻ አሳጥሬዋለሁ፤ ከብቱ በየስሙ ደህና ነው እየተባለ ሲጻፍ ገጽ ይሞላል።

ቁሐር ሚካኤል፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየኔነህ። በሰው አገር እንዴት ሰነበትክ? እኛ፣ ላሞቹም፣ ያ አንተ የምትወደው ጎራዳው በሬም ደህና ነን። ሚካኤል ክንፉን ይጋርድህ።

የምጽፍልህ የጎረቤታችን የደብሬ ነገር ስላላለቀ ነው። ማሳችንን ታውቃታለህ፤ ከሾላው ሥር፣ ከትምህርት ስትመጣ እግርህን የምትታጠብባት። ያለችን አንድ ጥማድ እሷ ናት፣ ሌላ የለንም። በእኛና በደብሬ መካከል ያለው ውሃ መያዣ የአፈር ክትር፣ የጉማራ ወንዝ ሲሞላ እንዳልነበረ ይሆናል። ስለዚህ በየዓመቱ ሰኔ 14፣ ሚካኤል ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ሁለት ሽማግሌ ከሾላው እስከ ጥቁሩ ድንጋይ ገመድ ይወጥራል፤ የሁለቱም ቤት ሰው በገመዱ ግራና ቀኝ ይቆማል፤ በገመዱ ልክ ክትሩ እንደገና ይሠራል። አንተም ቆመህ ታውቃለህ። አልቅት ባትህ ላይ ተጣብቆብህ ያለቀስክበት ቀን ነው።

ገመዱ ረጅም ነው። ሁለቱ ጫፎች አይነቃነቁም፣ መሃሉ ግን ወዲህ ወዲያ ይላል። መሃሉን የሚያቀናው እዚያ ጋ የቆመው ሰው ነው። ያልቆመ ቤት ደግሞ በተሠራው ተስማምቷል ተብሎ ይታለፋል። አምና እኛ ከወንፈል ሰዎቻችን ጋር ስድስት ነበርን። ደብሬ ከወንዛዬ መንደር አማቾቹን አምጥቶ አሥራ አንድ ሆነ። መሃሉ ወደኛ አንድ ክንድ ገባ። አንድ ክንድ ስትለው ትንሽ ይመስላል፤ በማሳው ርዝመት ስትዘረጋው የሁለት ወር ቀለብ ነው።

አሁን ማረው የያዘው ሐሳብ አለ። በ83 ሲመለስ ጎታው ሥር በገንቦ አድርጎ የቀበረውን ታውቀዋለህ፤ ከእኔና ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም። አሁን አገር ይወቀው ይላል። በዚህ ቤት የእጅ ቦምብ እንዳለ ደብሬ ከሰማ ገመዱ አጠገብ አይደርስም፤ ወንፈሉንም እንተወው፣ ለአንድ ቀን እንዲቆሙልኝ ብዬ ዓመቱን ሙሉ የሰው ማሳ ሳርም አልኖርም ይላል። ነገሩ ያስጠላኛል፤ ለምን እንደሚያስጠላኝ ግን ማስረዳት አቃተኝ። አንተ የተማርከው ይኸው አይደል? ገንዘብ አልጠይቅህም፣ ምክርህን ላክልኝ።

አማከለች

ዴልሂ፣ ግንቦት 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩት እትዬ አማከለች፤ በያሉበት ጤናና ሰላም ከእርስዎና ከጋሽ ማረው አይለይ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በምን ሰሞን መሰለዎ? ሕንድ በረሃ ውስጥ፣ ከምድር በታች፣ የኒውክሌር ቦምብ ያፈነዳች ሰሞን ነው። ከተማው ደስታ በደስታ ሆኗል። የማላውቀው ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ጣፋጭ አጉርሶኛል። በዚያው ሳምንት የእኛና የኤርትራ ጦር ባድመ ላይ መጋጨቱን በሬዲዮ ሰማሁ፤ ልቤ ከሁለት ተከፍሏል።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ጋሽ ማረው ልክ ናቸው። የማነባቸው ሊቃውንት የሚሉት እንዲህ ነው፦ አስፈሪ ቦምብ ያለው አገር ብዙ እግረኛ ማሰለፍ አይጠበቅበትም። መደበኛ ጦር ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይታመማል፣ ቀለቡ አገር ይጨርሳል። ቦምብ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከዓለም ጦርነት በኋላ ታላላቆቹ አገሮችም ይህን አስልተው ወታደር እስከ መቀነስ ደርሰዋል። ስለዚህ ደብሬ መኖሩን ይወቅ፣ የት እንዳለ አይወቅ፤ ፈጽሞ አታሳዩት። ወንፈሉ ካደከማችሁ ተዉት። ሰኔ 14 ቀን እንዲያውም አትሂዱ። ቤት መቀመጣችሁ ራሱ አለመፍራታችሁን ያሳያል። የፈራ ሰው ገመድ አይገፋም።

ስለ አካባቢው ወሬ ይጻፉልኝ፤ ጎራዳውንም ሰላም ይበሉልኝ።

አክባሪዎ የኔነህ

ይኼን ሳነብ ከአውቶቡሱ ወርጄ ዴልሂ ድረስ ሄጄ ጆሮውን ብይዘው ደስ ባለኝ። ግን ተረጋጉ፣ በመጀመሪያው ዓመት ምክሩ ሠርቷል።

ቁሐር ሚካኤል፣ ነሐሴ 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየኔነህ። ጾሙን በሰላም አስፈጸመን፤ ለአዲሱ ዓመትም ያድርስህ።

እንዳልከው አደረግን። ማረው ነገሩን «ምሥጢር ነው» ብሎ ለአበረ ብቻ ነገረው። አበረ ጸጉር አስተካካይ መሆኑን ታውቃለህ፤ በሳምንቱ ወረታ ገበያ ውስጥ ጨው ሻጯ ሳትቀር «እውነት ነው ወይ?» አለችኝ። ሰኔ 14 ቤታችን ዋልን። ደብሬ ከገመዱ አሥር እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር አሉ። ክትሩ ወደ ጥንቱ ቦታ ተመለሰ፤ አንድ ክንዳችንን አገኘን። ማረው ዶሮ አረደ።

እኔ ግን ልንገርህ፣ ደስ አላለኝም። የወንፈል ሴቶች ደጄን አያልፉም። ወለተ ሐና እንኳ፣ ማኅበርተኛዬ፣ ከአጥር ወዲያ ሆና ነው ሰላም የምትለኝ። ጎታውን ስጠርግ እንደ ታቦት ዞሬው እሄዳለሁ። ቤቴ ውስጥ ከእኔ ይልቅ የሚከበር ነገር ገባ።

ሌላው፣ አሁን የሚያግዘን ስለሌለ አረሙን ብቻዬን ውሃ ውስጥ ቆሜ ነው። አልቅቱ በላኝ። እዚያ አገር ቦቲ ጫማ የሚገኝ ከሆነ አንድ ላክልኝ፣ እስከ ጉልበት የሚደርሰውን። ሬዲዮው የቀድሞ ወታደሮች ይመዝገቡ እያለ ነው። ማረው ሰምቶ ድምፁን ከፍ አደረገው፤ አልወደድኩትም።

አማከለች

ዴልሂ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእትዬ አማከለች፤ መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ።

ደስታዬ ወሰን የለውም። መምህሬ ስለ ጉዳዩ ስነግራቸው ፈገግ አሉ። አዲስ ነገር አለ፦ ጎረቤቲቱ ፓኪስታንም በሁለት ሳምንት ውስጥ የራሷን አፈነዳች። አሁን ሁለቱም ስላላቸው አንዱ ሌላውን መንካት አይችልም፤ በፍርሃት የቆመ ሰላም ይባላል። ቦቲውን አልረሳሁም። ለጊዜው ቀዩ ምሽግ በሚባለው ጥንታዊ ግንብ ፊት ለፊት የተነሳሁትን ፎቶግራፍ ልኬአለሁ።

የኔነህ

ፎቶግራፉን አይቼዋለሁ፣ ጥቅሉ ውስጥ አለ። መነጽር አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ። ጫማው ያብረቀርቃል። ከዚህ በኋላ ከእትዬ አማከለች ዘጠኝ ወር ሙሉ ምንም የለም፤ ከዚያ ይኼ መጣ።

ቁሐር ሚካኤል፣ ሐምሌ 2 ቀን 1991 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔነህ። ጤና ይስጥህ። እኔ በቁሜ አለሁ።

ማረው ታኅሣሥ ላይ ዘመተ። ጉልበቱ እንደሚያመው ለመዝጋቢዎቹ አልነገራቸውም። ከዚያ ወዲህ አንድ ወረቀት ነው የደረሰኝ።

እሱ በሄደ በወሩ የደብሬ ሚስት አገኘሁሽ መጣች። ቁጭ አለች፣ ጠላ ቀመሰች፣ ስለ ልጇ ሠርግ አወራች፣ ከዚያ ነጠላዋን እያስተካከለች «እኛም ገዝተናል» አለችኝ። አዲስ ፋኖስ የገዛች ነው የምትመስለው። ከአንበሳሜ ማዶ ካለ ሰው ነው አሉ። እነሱም ጎታቸው ሥር ቀበሩት። አሁን በአንድ ማሳ ግራና ቀኝ ሁለት ቤት ቦምብ ላይ ይተኛል።

ሰኔ 14 ብቻዬን ሄድኩ። ወንፈሉን ትተነዋልና ማን ይቆምልኛል? እነሱ አሥራ አራት ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ገመዱን ወጠሩ፤ መሃሉ ላይ ሰባት ጎረምሳ ቆመ። እኔ ከጭቃው ውስጥ እግሬን ስነቅል ገመዱ አንድ ክንድ ከስንዝር ወደኔ ገብቶ ነበር።

ምን ላድርግ? ቤት ሄጄ ገንቦውን አውጥቼ ለአንድ ክንድ ከስንዝር ብዬ አሥራ አራት ሰው፣ ሁለት ሽማግሌ፣ ራሴን፣ ማሳውንም ጨምሬ ልጨርስ? እንደማላደርገው እኔ አውቃለሁ። ደብሬም ያውቃል። የኔ የሱን፣ የሱም የኔን አስሮ አስቀመጠው፤ ከዚህ በኋላ በእጅ የሚገፋ ሰው ያለው ወሰደ። ደብሬ እየሳቀ፣ «አማከለች፣ ያንን ነገር ይዘሽው መጣሽ ወይስ ረስተሽው መጣሽ?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ከሽማግሌዎቹም አንዱ ፊቱን ወደ ሾላው አዙሮ ሳቀ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ጸያፍ ነገር ነው የኔነህ። እኔ የምፈልገው መልስ ይኼ ነው፦ መጽሐፍህ አሁን ምን ይላል? እኛ አንተን ሰምተን ነው ሰው የበተንነው። በሚመጣው ሰኔ ሌላ ክንድ ከሄደ ማረው ሲመለስ የሚያርሰው ክትር ብቻ ነው። ቦቲውም አልደረሰኝም።

አማከለች

ዴልሂ፣ ጥር 9 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለተከበሩት እትዬ አማከለች፤ በመዘግየቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ፈተና ነበር፤ ከዚያም ጉባኤ ነበር።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሕንድና ፓኪስታን ካርጊል በሚባል ተራራ ላይ ሲዋጉ በከረሙበት ሰሞን ነው። ያ ሁሉ የተፎከረበት ቦምብ ከመጋዘኑ አልወጣም። አንዱ ወገን በክረምት ባዶ የቀሩትን ምሽጎች ሰተት ብሎ ያዘ፤ ሌላው እነሱን ለማስለቀቅ እግረኛ ወታደር በበረዶ ቋጥኝ ላይ በደረቱ አስወጣ። ሰው የሞተው በጥይትና በመድፍ ነው፣ ጥንት እንደሚሞተው። እዚህ ያሉ ሊቃውንት ግራ ተጋብተው ሳለ እኔ ግን አልገረመኝም፤ የእርስዎን ደብዳቤ አንብቤአለሁና። አሁን የማምነው እንዲህ ነው፦ ቦምብ የሚጠብቀው ከቦምብ ብቻ ነው። አንድ ክንድ አፈርን የሚጠብቀው እዚያ ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ሰው ከሌለ ባላጋራ በክንድ በክንድ ይወስዳል።

ይህን በጉባኤው ላይ ስምዎን ሳልጠራ ተረኩት። «ያንን ነገር ረስተሽው መጣሽ ወይ» ስል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ረጅም ጭብጨባም ነበር። መምህሬ ከዚህ የጠራ ምሳሌ አላየሁም ስላሉ የመመረቂያ ጽሑፌ ምዕራፍ አራት አድርጌዋለሁ፤ ርዕሱ «የሩዝ ማሳው ጥያቄ» ይባላል። ሊኮሩ ይገባዎታል።

አንድ ትብብር እጠይቃለሁ። ክንዱ በሜትር ስንት እንደሆነ፣ በየዓመቱ ከሁለቱም ወገን የቆመውን ሰው ቁጥር፣ የገመዱንም ርዝመት በትክክል ቢጽፉልኝ ለምዕራፉ ይጠቅመኛል።

አክባሪዎ የኔነህ

ስለ ቦቲው አንድ ቃል የለም። ፈልጌአለሁ፣ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውንም አይቻለሁ።

ቁሐር ሚካኤል፣ የካቲት 21 ቀን 1992 ዓ.ም.

የኔነህ፣

ሚካኤል ይጠብቅህ፤ እሱን አልነፍግህም። ሌላው ሰላምታ ይቅር።

ሳቁ ብለህ ጻፍክልኝ። ደብሬ የሳቀብኝ በአሥራ አራት ሰው ፊት ነበር። አንተ ያንን ሳቅ ባሕር አሻግረህ አዳራሽ ሙሉ ሰው አሳቅክብኝ። እግሬ ላይ የሚጣበቀውን አልቅት ጨው ነስንሼ አነሳዋለሁ። ይኼን በምን እንደማነሳው አላውቅም። አልቅት እንኳ ደሜን ጠጥቶ ሲያበቃ ኩሪ አይለኝም።

ማረው ምሽግ ውስጥ ነው። ሬዲዮው ስለ ድል ያወራል፣ ስለ ጉልበቱ አያወራም። ሰው እንደ አጥር እንጨት ተደርድሮ ይቆማል፤ አንዱ ሲበሰብስ ሌላ ይተከላል። አንተ ደግሞ ስንት ናቸው ትለኛለህ።

ክንዱ በሜትር ስንት ነው ብለሃል። ጉማራ ሲሞላ አዝሎ ያሻገረህ ክንድ ነው። ልኩን ራስህ ታውቀዋለህ።

ከአሁን በኋላ ቁጥር አልልክልህም፤ ምክርም ቦቲም አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፦ ከምዕራፎችህ መካከል ሰኔ 14 መጥቶ ገመዱ ላይ የሚቆመው የትኛው ነው?

አማከለች

ለዚህ መልስ አልመጣም። አንድ ዓመት ሙሉ። እሱ ተመረቀ፣ አዲስ አበባ ተመልሶ ማስተማር ጀመረ፣ «ዶክተር» ተባለ። ወረታ ግን ዝር አላለም። የመጨረሻው ደብዳቤ በፖስታ አልሄደም፤ ጥቅሉ አናት ላይ ተደርጎ በእኔ እጅ ነው የተላከው።

ቁሐር ሚካኤል፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔነህ። እንኳን ከአገርህ አፈር አገናኘህ። አዲስ አበባ መግባትህን ከሰው ሰማሁ። ሚካኤል ትምህርትህን ይባርክልህ።

የሆነውን ልንገርህ፣ ለምዕራፍ ሳይሆን እንድታውቀው ነው። ዝም ስትለኝ ወደ ወለተ ሐና ሄድኩ። ወንፈሉ ይቀበለኝ አልኳት። «ማሳው እዚያ ነው» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ዘጠኝ ቀን ሽንብራዋን ነቀልኩላት፤ አላናገረችኝም። በአሥረኛው ቀን ውሃ በቅል አምጥታ «በቦምብሽ ነው የምትነቅዪው?» አለችኝና ሁለታችንም ሳቅን። ያ ሳቅ አልከፋኝም። ከዚያ የሌሎቹን ሁሉ በየተራ ሠራሁ፤ የናቅናቸውን ሰዎች ዕዳ በወገቤ ከፈልኩ።

አምና ሰኔ 14 አሥራ ስድስት ሴት መጣልኝ። ልጅ ያዘለችም ነበረች። ዱላ የያዘ የለም። ማለዳ መጥተው ከሾላው እስከ ድንጋዩ በመደዳ ጭቃው ውስጥ ቆሙ፤ ወለተ ሐና መሃሉን ያዘች። ደብሬ ሰዎቹን አስከትሎ መጣ፣ አየ፣ ቆመ። የሚገፋ ካለ የሰው እናት መግፋት ነበረበት። ማንም አልገፋም። ገመዱ ሲወጠር ክንዳችን ተመለሰ፤ ስንዝሯ ቀረች።

ማረው በጥር ገባ። ከስቷል፤ ጉልበቱ አይታጠፍም። ስለ ጦርነቱ ሲጠየቅ ተነስቶ ይወጣል። አንድ ቀን ብቻ ክትሩ ላይ ተቀምጦ፣ «ብዙውን ቀን አልተኮስንም። ሥራችን መታየት ነበር። ባልታየንበት በኩል መጡ» አለኝ። ከዚያ ምራቁን ተፋና ስለ ዘር አወራ።

ገንቦዎቹን እናውጣና ለሚመለከተው እናስረክብ ብሎ ደብሬን ጠይቆታል። ደብሬ አንተ ቅደም አለ። ማረው አንተ ቅደም አለ። ሁለት የጎለመሱ ወንዶች ከፋሲካ በፊት ጀምረው እስካሁን ይቀዳደማሉ። ሁለቱም ገንቦ እዚያው ነው። ሰው እንዲህ ያለ ቆሻሻ ነገር ላይ ተኝቶ የሚነሳበት ዘመን ላይ ደረስን።

አሁን ደብሬ ከወንዛዬ ሃያ ሰው እያሰባሰበ ነው። የኛ ሴቶች ሦስቱ አራስ ናቸው፤ ማረው መቆም አይችልም። ዘንድሮ ከተገፋን ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን ይዘጋሉ፤ ድንበር በቃለ ጉባኤ ሊጻፍ ነው ይባላል፤ የተጻፈ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ የምለምንህ ይኼን ብቻ ነው፦ ና። መጽሐፍህን ተወው፣ ቦቲውን ብታመጣም ባታመጣም ግድ የለኝም። ሁለት እግርህን ይዘህ ና፣ መሃሉ ላይ ቁምልኝ።

አማከለች

ሻይ ቤት ተቀጣጥረን ጥቅሉን በእጁ ሰጠሁት። ሲባጎው በሌላ ቋጠሮ መታሰሩን አይቶ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም እግሬ ሥር አየሁ። የመጨረሻውን ደብዳቤ ፊቴ አነበበው። ወረቀቱን አጥፎ «ሰኔ 14 ምን ቀን ይውላል?» አለ። ሐሙስ ነው አልኩት፤ መንገድ ላይ ቆጥሬው ነበር። «የፈተና ሳምንት ነው» አለ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል። ቀፈፈኝ። ከወንበሬ ስነሳ ሻዩን ሳልጨርሰው ነው።

በሦስተኛው ቀን ቢሮዬ መጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ወረታ የሚሄድ ሰው ካገኘሽ አድርሺልኝ» አለ። ቦቲ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ቦቲ ላከ ብዬ የተናደድኩት ንዴት ለናንተ አይጻፍም። «እኔ ፖስታ ቤት አይደለሁም ዶክተር፤ የሰጡኝን አደራ ምን እንዳደረግሁትም አይተኸዋል» አልኩት። ጥቅሉን እዚያው ትቶ ወጣ።

ኋላ ስፈታው ሁለት ጥንድ ሆኖ አገኘሁት። አንዱ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ነው፣ ለእትዬ አማከለች እግር የሚሆን። ሌላው አርባ ሦስት ነው። ማረው እንደሆነ ጭቃ ውስጥ መቆም አይችልም። ስልክ ደውዬ ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት፤ እግሩ ይመልስ።

ቦቲዎቹን ይዤ ልሄድ ከአለቃዬ ለሰኔ ሚካኤል ሰሞን የአምስት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። ነፃነት ነጠላ ጫማሽን ቤት ተዪው፣ አልቅቱን ደግሞ አትጩሂበት ብላኛለች። የሰው ደብዳቤ በጥርስ ለፈታ ሰው አንድ ቀን ጭቃ ውስጥ መቆም አይበዛበትም፤ በእትዬ አማከለች በኩል፣ ወለተ ሐና በምታሳየኝ ቦታ እቆማለሁ። ስመለስ ስንዝሯ ወዴት እንደሄደች፣ ገንቦ በማውጣት ማን እንደቀደመ፣ አርባ ሦስት ቁጥሩ ቦቲም ባዶውን ተመልሶ እንደሆነ ወይም ገመዱ መሃል ላይ እግር ገብቶበት እንዳየሁ፣ ጭቃው ከእግሬ ሳይደርቅ ጽፌ አሳውቃችኋለሁ።